ሶፋሽን የበላችው መኪና

እታለም፣

ሶፋው ላይ እንዳትቀመጪ፤ ስፖንጅ የለውም። ለውድድር የማዘጋጃት የሪሞት መኪናዬ በአራቱም ጎማ እየተነዳች እንኳ፣ ስትዘል በጀርባዋ እየተገለበጠች አስቸገረችኝ። ስፖንጁን ቆርጬ ጎማዎቿ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ንዝረቷን የሚያለዝበው አሞርዛተሯ ውስጥ የጸጉርሽን ቅባት ጨመርኩ። አሁን እንደ ድመት በአራት እግሯ ታርፋለች።

ከልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ሳስዘልላት ግን ለእጮኛሽ ወላጆች የሠራሽው ሾርባ ውስጥ አረፈች። እሷን አጥቤያታለሁ፤ ሾርባውን ማጠብ አልቻልኩም። ይቅርታ።

እንግዶችሽ ሲመጡ ጆሮሽን በሩ ላይ ጣይ፤ የደወሉን ባትሪ ወስጄዋለሁ።

«ልጃችን የት ሄደ?» ካሉሽ፣ እኔ አልለመንኩትም። «ጎማ ልያዝልህ» ብሎ ቀድሞኝ ወደ ውድድሩ የሚወስደኝ ታክሲ ውስጥ ገባ። ስልኩንም አጥፍቷል።

እስከ ዛሬ ዓይኑን ማየት አልወድም ነበር።

አግቢው።