ከዞልንሆፈን የመጣው ዓሣ

ውድ ጽጌረዳ፣

ይህን ደብዳቤ የማዳም ሾፌር ሐምዛ በእጅሽ ይሰጥሻል። ስልክሽ አለኝ፤ ግን ስልክ ላይ ወሬ አበዛና ዋናውን እዘለዋለሁ፣ ታውቂኛለሽ። ስለዚህ ከወዲሁ ልገላገለው፦ የማዳምን ዓሣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነበር። ሳሎኑን ማጽዳት ያንቺ ተራ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን እንድትሄጂ ተቀያየርን። ማዳም ከጀርመን ባመጣችው ነጣ ያለ ድንጋይ ላይ ቡናማ ነገር አየሁና እድፍ መሰለኝ። እኔ ደግሞ እድፍ አልወድም። የመታጠቢያ ቤቱን አሲድ አፈሰስኩበት። ድንጋዩ አረፋ ደፈቀ፣ ስፈገፍገው ለካ እድፍ ያልኩት ድንጋይ የሆነ ዓሣ ኖሯል፣ ጅራቱ ከነአጥንቱ ሄደ።

አንቺ ስትመለሺ የአሲዱ ሽታ ከእጄ አልለቀቀም ነበር። ምንም አልነገርኩሽም። በማግስቱ ከአል ኻሊዲያው ቤታችን ወደ አል አይን ከተማ፣ ወደ ማዳም እህት ቤት ስትላኪ ልብስ መተኮሻው ክፍል ተደብቄ ቀረሁ። ማዳም የሥራ ተራችንን ወረቀት አይታ ፈረደችብሽ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወሬ ነበር፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አልወጣም፣ ወደ ኤጀንሲው ትመልሰኛለች ብዬ ፈራሁ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

በዚህ ክረምት ከማዳምና ከልጆቹ ጋር ጀርመን ሄድኩ። ድንጋዩ የመጣበት ከተማ ዞልንሆፈን ይባላል። ከተማ ካሉት ነው እንጂ እሱን መዞር መዲናት ዛይድ ገበያን በእግር ከመዞር ይቀላል። ግን ድንጋዩን ሲሰነጥቁት ስንት ሚሊዮን ዓመት የቆየ ዓሣና ሸርጣን ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ የበራሪ ነፍሳት ክንፍ ላይ ያለው ስስ መስመር እንኳ አልጠፋም። አንድ ሽማግሌ በመርፌ አንዷን ዓሣ ሲያጸዱ ቆሜ አየሁ። ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። በማዳም ልጅ በሀይፋ አስተርጓሚነት፣ አሲድ ቢነካውስ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሰውዬው መርፌውን አስቀምጠው አዩኝ። ድንጋዩ ኖራ ነው፣ አሲድ ይበላዋል አሉ። የሄደው አይመለስም አሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን መደበቅ አልቻልኩም። እዚያው ማዳምን ጠራኋትና አንቺ እንዳላጠፋሽ ነገርኳት።

«እኔ ማንንም አልጠየቅኩም» አለችኝ። «ጽጌረዳ ራሷ መጥታ፣ ‹እኔ ነኝ፣ አዲሷን ልጅ እንዳትቆጪያት› አለችኝ።»

ፈረንጆቹ መሀል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ማዳም «ኸላስ፣ በቃ፣ ተነሺ» እስክትለኝ ድረስ።

እህቴ፣ እወድሻለሁ። ይህን ሳልነግርሽ ሦስት ዓመት ማለፉ ይቆጨኛል። አል አይን፣ አል ቃጣራ ሰፈር ባለው የማዳም እህት ቤት ዕቃ ትሰብራለች ተብለሽ የእንግዳ መቀበያውን መጅሊስ እንዳትነኪ መከልከልሽን ሰምቻለሁ። ማዳም በስልክ ልንገራቸው ብላ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኳት። የፊታችን እሑድ በአውቶቡስ መጥቼ እዚያው መጅሊስ ውስጥ፣ በሁሉም ፊት፣ በራሴ አፍ እናገራለሁ። ቢቆጡኝ ይቆጡኝ፣ አልፈራም።

አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሑድ ዕለት አንጀትሽ ዳግም እንዳይራራልኝ፤ አጠገቤ ቁሚና ዝም በይ።

ዘግይታም ቢሆን የምትመጣው፣
ሽታዬ