በአባባ ቤት ግማሽ መብራት

ከየካ አባዶ በታች፣ ከወይዘሮ አልጣሽ ግቢ

ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ ያ ኦሎምፒያ ያለው የቢሮ ወንበር እንደገና ቀሰቀሰብሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባባ በደንብ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ስኳራቸውም አልወጣም። ካንቺ ኩርፊያ በቀር የሚያስከፋን ነገር የለም።

ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅሽ አይቀርም። ምን ላድርግ? ስደውል አታነሺም፣ በስልክ ስጽፍልሽ አንብበሽ ዝም ትያለሽ። ይህን የሚያመጡልሽ ጎረቤትሽ ጋሽ ገብረየስ ናቸው። ፖስታውን በደንብ አሽጌዋለሁ፤ እሳቸው ግን ደረጃው ላይ ቆመው ወደ ብርሃን አንስተው ማየታቸው አይቀርምና ካነበቡት ሰላም በይልኝ።

አስቀድሜ ልንገርሽ፤ አባባን አልመልሳቸውም። ይቅርታ ልጠይቅሽም አልጻፍኩም። እሑድ ዕለት የሆነውን ሽማግሌዎቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አሳምረው ሳይነግሩሽ በፊት ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው።

ለዘመድ ሁሉ፣ አባቴን መኪና ውስጥ ታሳድራቸዋለች ብለሽ አውርተሻል አሉ። ውሸት አይደለም፤ መኪና ነው። ግን ምን ዓይነት መኪና እንደሆነ አንድ ቀን መጥተሽ ሳታዪ ነው የፈረድሽው። ቦሌ እኔ የምሾፍርበት አስጎብኚ ድርጅት ጓሮ ውስጥ ዓመታት ቆሞ የከረመ ነው። ሁለት አዛውንት ፈረንጆች አገር ላገር እየዞሩ ሲኖሩበት ቆይተው፣ ሲደክማቸው እዚሁ ጥለውት በአውሮፕላን ሄዱ። እኔ ስረከበው የዘበኛው ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበት ነበር። አልጋ አለው፣ ወጥ ቤት አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ ማቀዝቀዣ አለው። ፎቅ ግን የለውም። የወደድኩትም ለዚህ ነው።

አንቺ አባባን አልበደልሻቸውም። እግራቸውን አጥበሻል፣ መርፌያቸውን ወግተሻል፤ ይህን ማንም አይክድሽም። የበደላቸው አራተኛ ፎቅ ነው። አንቺ ገና ሳይነጋ ወጥተሽ ለመገናኛ ታክሲ ትሰለፊያለሽ፤ ስትመለሺ መሽቷል። እሳቸው በዚያ ጉልበታቸው ደረጃውን መውረድ ስለማይችሉ፣ ድሮ ጤፍ ያጨዱበትን መሬት ከላይ ከመስኮት ሆነው ሲያዩ ይውላሉ። አባታችን ባረሱት መሬት ላይ እየኖሩ መሬት መርገጥ ካቃታቸው ያ ቤት ምን ያደርግላቸዋል? ይህን ስነግርሽ፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ አልሽኝ። ስለዚህ ነገር ማብዛቱን ትቼ መኪናውን አመጣሁት።

ከዚያ ሽማግሌ ላክሽብኝ። ጋሽ ገብረየስን ለምን እንደመረጥሽ ገብቶኛል፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ሰውን ሁሉ ሲቆጣጠሩ የሚውሉ ሰው ናቸው። ኦቦ ቶሌሳን ደግሞ የላክሽው የአባባ የድሮ የእርሻ ጎረቤት ስለሆኑ ልባቸውን ያራሩልኛል ብለሽ ነው። ባለፈው ሲመጡ ተነጋግረን በአንድ ነገር ተስማማን። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሳይነግሩን ይመጣሉ፤ የአባባ ኢንሱሊን የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ እየሠራ ካገኙት አባባ እዚሁ ይኖራሉ፤ ጠፍቶ ካገኙት ግን የዚያኑ ዕለት ይዘዋቸው ይመለሳሉ። እኔም በማተቤ ምዬ እሺ አልኩ።

ሳይነግሩ ይመጣሉ ቢባልም ኦቦ ቶሌሳ ምስጢር አይዋጥላቸውምና ባለፈው እሑድ እንደሚመጡ ለአባባ ሹክ ብለዋቸው ኖሯል። እኔ ጠዋት ለስላሳና ዳቦ ልገዛ መገናኛ ሄድኩ። ወይዘሮ አልጣሽ፣ ግቢያቸውን የሰጡን ሴትዮ፣ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ስመለስ ሁለቱ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ደረሱብኝና አብረን ገባን።

ወለሉ ላይ እርጥብ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ወይዘሮ አልጣሽ እኔን ሊያኮሩኝ ብለው ነው ብዬ ደስ አለኝ። አባባ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ለሰላምታ ሲነሱ ከሽማግሌዎቹ ትከሻ በላይ ወደ ግቢው በር አዩና፣ ትልቋ ወደኋላ ቀረች እንዴ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ገብረየስ ቢሮ ገብታ ነው አሉ። ወዲያው እሑድ መሆኑ ትዝ አላቸውና፣ ጉንፋንም ይዟታል ብለው ጨመሩበት። ጋሽ ገብረየስ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሲሉ አባባ፣ እዚያ እንኳ አይሆንም፣ ሰው አለበት አሏቸው። ማን እንዳለበት ማንም አልጠየቀም። ጋሽ ገብረየስም ቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣው ሄዱና ጆሯቸውን ለጠፉበት።

ዝም ብሏል።

እታለም፣ ቀና ስል የጣሪያው አምፖል ቦግ ብሎ በርቷል፤ የውሃ መሳቢያውም ይሠራል። ጋሽ ገብረየስ አምፖሉን አዩ፣ ማቀዝቀዣውን አዩ፣ ግማሹ የሞተ ቤት ቤት አይባልም ብለው ላንቺ ሊደውሉ ስልካቸውን አወጡ። እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። በየበረሃው የቆመ መኪና አስነስቼ እንግዳ ይዤ የምገባ ሰው ነኝ፤ በገዛ አባቴ ቤት በግማሽ መብራት ልሸነፍ? ያመጣሁትን ለስላሳ ከፈት ከፈት አድርጌ፣ ለስላሳው ተከፍቷል፣ ጠርሙሱን ሳይጨርሱ መሄድ ደግሞ ነውር ነው አልኳቸው። ነውር የሚለው ቃል ያዛቸውና፣ እስክንጨርስ ብቻ ብለው ተቀመጡ። ኦቦ ቶሌሳ ነገሩ ገብቷቸው ነው መሰለኝ፣ የእሳቸውን እንደ መራራ መድኃኒት ከንፈራቸውን እያስነኩ ይመልሱት ጀመር።

የዚህ ቤት መብራት ሁለት ዓይነት ነው። አምፖሎቹና የውሃ መሳቢያው በመኪናው ባትሪ ይሠራሉ። ማቀዝቀዣውና ሶኬቶቹ ግን ከወይዘሮ አልጣሽ ቤት በምንስበው ገመድ ነው። ስለዚህ አንዱ ጠፍቶ ሌላው ሊበራ ይችላል። ይህን ላስረዳ ስሞክር ሁሉም ባለሙያ ሆነ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አይደል? ኦቦ ቶሌሳ ባትሪው ደክሞ ነው አሉ። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ወይዘሮ አልጣሽ አይጥ ገመዱን በልቶት ነው ብለው ማሉ። ጋሽ ገብረየስ መጀመሪያውኑ ዕቃው የፈረንጅ ነው፣ ያገራችንን መብራት አይስማማውም አሉ።

እኔ ከጫፍ ጀመርኩ። ወይዘሮ አልጣሽ ቤት ገብቼ አየሁ፤ መብራት አለ። የገመዱን ጫፍ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሚበራው መፈተሻ፣ በቴስተር ነካሁት፤ በራ። እንግዲያው ኤሌክትሪኩ መኪናው ድረስ መጥቷል ማለት ነው። በሹፌሩ ወንበር ሥር ያለውን ሣጥን ስከፍት፣ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲያፈተልክ ራሱን የሚጥለው ብሬከር ወድቋል። አነሣሁት፤ ጣለ። ደግሜ አነሣሁት፤ ጣለ። ከዚህ በላይ አልታገልኩትም፤ ብሬከር አልነሣም ካለ ምክንያት አለው፣ በግድ ማንሣት ሰው መግደል ነው። ማቀዝቀዣውን ነቀልኩ፣ የሻይ ማፍያውን ነቀልኩ፣ የአባባን ሬዲዮ እንኳ ሳይቀር ነቀልኩ። ምንም ነገር ሳይሰካ አሁንም ጣለ። ስለዚህ ጥፋቱ የዕቃዎቹ አይደለም፤ ከራሱ ከቤቱ መስመር ነው። ጋሽ ገብረየስ ባዶ ጠርሙሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የኦቦ ቶሌሳ ግን ገና ከአንገቱ አልወረደም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ገመዱን ከውጭ ነቅዬ በእሑድ ቀሚሴ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ በሰበሰ። ያኔ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ቄጤማው ሌላው ቦታ ሳሳ ብሎ ተጎዝጉዟል፤ ማንም እንዳይቀመጥበት የተከለከለው የመስኮቱ ወንበር ሥር ግን እንደ ፍራሽ ተቆልሏል። ከወንበሩ ግርጌ ከወለሉ ከፍ ብሎ አንድ ሶኬት አለ። ክምሩን ስገፋው ሶኬቱ ውስጥ ውሃ ገብቷል፣ ጭቃም አለበት። ክዳኑን ፈታሁ፣ በጨርቅ አደረቅሁ፣ አላመንኩትምና የዚያን ሶኬት ሽቦ ጨርሶ ከመስመር አወጣሁት። ገመዱን ሰካሁ። ብሬከሩን ሳነሣው ቀጥ ብሎ ቆመ። ማቀዝቀዣውን መልሼ ሰካሁት፤ ጉሮሮውን ጠራርጎ ማጉረምረም ሲጀምር ኦቦ ቶሌሳ ለስላሳቸውን ግጥም አድርገው ጠጡት።

እኔ ግን ንዴቴ አልበረደም። ዞር ብዬ ወይዘሮ አልጣሽን ውሃ የሚንጠባጠብ ቄጤማ ሳያራግፉ መኪና ውስጥ ይጎዘጉዛሉ ወይ ብዬ ተቆጣኋቸው። ሴትዮዋ በእመቤታችን ማሉ፤ አልነካሁም፣ አንቺ ከመገናኛ ያመጣሽው መስሎኝ ነው አሉ። እኔ ካላመጣሁት፣ እሳቸው ካላመጡት ማን አመጣው? ያኔ አባባ እግራቸውን ቀስ ብለው ወደ አልጋው ሥር ሰበሰቡ። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነው። የጋቢያቸው ጫፍም ጭቃ ነው። የመኪናው መግቢያ ደረጃ ሥር የወይዘሮ አልጣሽ ማጭድ እንደረጠበ ተጋድሟል።

እታለም፣ ቄጤማው የሚበቅልበት ወንዝ ከግቢው በስተጀርባ ነው። አንቺ ቤት ሳሉ ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ክንዳቸውን የምንይዛቸው ሰውዬ፣ ብቻቸውን ወርደው፣ ጎንበስ ብለው አጭደው፣ ተሸክመው ተመለሱ። ጋሽ ገብረየስ እንዴት ቻሉት ብለው ሲጠይቋቸው አባባ ጥያቄው ራሱ የገረማቸው መሰሉ። መሬቱ እኮ እዚሁ ነው አሉ።

ጋሽ ገብረየስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሐሰት አልመሰክርም፣ ሰው በገዛ እጁ ቄጤማ አጭዶ ከጎዘጎዘበት ቤት ውጣ አይባልም፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነገር ሽማግሌ አይደለሁም አሉ። የላክሻቸው አንቺ ነሽ፤ ፍርዳቸውንም አንቺው ተቀበይ።

እሺ ካላልሽ ሌሎች ላኪ። ካህን ላኪ፣ የአጎት ልጆችን ላኪ፣ ከፈለግሽ ኮሚቴውን በሙሉ በአንድ ሚኒባስ ጭነሽ ላኪው። መብራቱን አበጅቼዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ ሞኝ ነኝ፣ አለቅም። ነገር ግን ሰው አትላኪብኝ ብዬ አልለምንሽም። ሰው መላኩ አይሰለችሽም ወይ ብዬ ብቻ እጠይቅሻለሁ።

አንድ ነገር ግን እያሰብኩ ነው የሰነበትኩት። አባባ ለሽማግሌ ቄጤማ ሲጎዘጉዙ አይቼ አላውቅም። ከእኛ ዘመዶች መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የጨረስሽው አንቺ ነሽና፣ የተመረቅሽ ዕለት እማማን ዞር በይ ብለው ከአጥሩ በር ጀምሮ እስከ መቀመጫሽ ድረስ የጎዘጎዙት እሳቸው ነበሩ። መቀመጫሽ ሥር ያለውን ደራርበውት ጫማሽ ሰጥሞ ሳቅን። ታስታውሻለሽ?

በይ እንግዲህ፣ አምላክ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ ያሳጥርልሽ። አባባ ግንባርሽን ሳሚልኝ ብለውኛል፤ እኔ ስላኮረፍኩሽ አልስምሽም፣ ራሳቸው ይሳሙሽ።

ልረሳው ነበር። ቄጤማው ደርቆ ገለባ ሆኗል፣ በተራመድን ቁጥር ይሰባበራል። ዛሬም ጠዋት መጥረጊያ ይዤ ልጥረገው ስላቸው ከለከሉኝ። እንግዳዋ መቼ ገባችና ነው የምትጠርጊው አሉኝ።

የማልሰማሽ ታናሽ እህትሽ