የአባትሽ ኮከቦች

ፓይሳንዱ፣ ማርች 9 ቀን 2019

የኔ ኒቢያ፣

ደህና ነሽ ወይ? የቫሌንሲያ ብርድ ለቀቀሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ካርኒቫሉ አለፈ፤ ሙርጋችንም፣ ያ የካርኒቫል ዘፋኝ ቡድናችን፣ አርባኛ ዓመቱን ሲዘፍን ከርሞ ወደየቤቱ ገባ።

ለሙርጋው የዘፈን መጽሐፍ የላክሽልኝን የአጻጻፍ ሕግ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌ ነው የሠራሁት። ከዘፈኑ ርዕስ በፊት አንድ የመሰላል ምልክት (#) እና ባዶ ቦታ፤ ሁሉም በኅብረት የሚሉት ደምቆ እንዲወጣ በሁለት ሁለት ኮከብ መሃል፤ አንዱ ለብቻው የሚዘፍነው በሥር ሰረዝ መሃል። «እማ፣ ሁሉም ፋይል አንድ ዓይነት ካልሆነ ገጹ ይበላሻል» ብለሽኝ የለ? እውነትሽን ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ቦታ ኮከቡን ሳልዘጋ ቀርቼ፣ ጽሑፉ እስከ ታች ድረስ ደምቆ ወጣ። ብቸኛ ዘፋኛችን ኤልሲዶ ወረቀቱን ይዞ እየጮኸ መጣ።

«ኤደልማ! ሠላሳ ዓመት ብቻዬን የዘፈንኩትን ለመንጋው አደልሽብኝ?»

«ኮከብ ረስቼ ነው» ብለው፣

«ኮከቡማ እኔ ነኝ!» አለኝ። የማቴ ሻዬን ጠጥቶ ጨርሶብኝ ሄደ።

አባትሽ ግን፣ ነፍሱን ይማርና፣ አስለቀሰኝ። አርባ አንዱንም ዘፈን ትተሽለት በሄድሽው ኮምፒውተር፣ ባሳየሽው ምልክት፣ በሁለት ጣቱ ነው የጻፈው። ኅብረቱን አንዴ በአንድ ኮከብ፣ አንዴ በሦስት፣ አንዴ ደግሞ ኮከቡንም ትቶ «ሁላችሁም፣ ጮክ!» ብሎ። ያኔ ስቆጣው «የሚዘፍነው ሰው ነው፤ ኮምፒውተሩ ምን አገባው?» ይለኝ ነበር። አሁን አንዷን ባስተካከልኩ ቁጥር ድምፁን የማጠፋው እየመሰለኝ፣ «ይቅር በለኝ ዊልማር» እያልኩ አርባውን ጨረስኩ።

አርባ አንደኛው ላይ ግን፣ «ለራስ ማስታወሻ ነው፣ ገጹ ላይ አይወጣም» ባልሽኝ ምልክት መሃል ይህን አገኘሁ። እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦

«ዜማው የኒቢያ ነው። ሰሃን ስታጥብ ታንጎራጉረው ነበር። ስሟን ዘፈኑ ላይ ብጽፈው ‹የሰካራም ጩኸታችሁ ውስጥ አታስገቡኝ› ትላለች። እሷ ካልፈቀደች አይዘፈንም።»

አልተዘፈነም፣ ልጄ። ስትሄጂ ከአባትሽ ጋር የተባባላችሁትን እኔም ዛሬ አላነሳውም። ለቀብሩ ያልመጣችው አውሮፕላን አጥታ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም የምለው እንደዚያው ነው።

ኮከቡንና ሰረዙን በሕግሽ አስተካክያለሁ። ማስታወሻውን ግን አልነካሁትም። ገጹ ላይ ይውጣ ወይስ ተደብቆ ይቅር፣ አንቺው ወስኚ። ኤልሲዶ ግጥሙን አንብቦ «ዜማውስ እንዴት ነው?» አለኝ። እኔ አላውቀው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቃል ብቻ ነው።

እመቤታችን በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ፤ እጅሽን ትባርክልሽ፤ ጤናሽን አታጉድልብሽ። እሑድ ከሰዓት ቤት ነኝ። ስትደውዪ፣ ካስታወስሽው፣ ቀስ ብለሽ አንጎራጉሪልኝ።

እናትሽ ኤደልማ