የባጃጅ ሸራ ሰፊው የአቶ ቻላቸው ባዬ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቻላቸው ባዬ ከአባታቸው ከአቶ ባዬ አለኸኝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓባይነሽ ደሴ በ1961 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገበሬ መንደር ተወለዱ። እናታቸው አዊ ስለነበሩ አፋቸውን የፈቱት በአማርኛም በአዊኛም ነው።

ቡሬ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው በማረፋቸው ትምህርቱን አቋረጡና አጎታቸው ዘንድ ልብስ ስፌት ለመዱ። በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሥርጉት ሰይፈ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ያምሮትን እና ምስክርን ወልደዋል።

ባጃጅ ቡሬ ሲገባ ፊታቸውን ወደ ሸራ አዞሩ። መጀመሪያ የሰፉት ጣሪያ በመርፌው ቀዳዳ ውኃ አስገብቶ፣ የተሳፈሩት ባለቤታቸው ከነነጠላቸው በስብሰው ቤት ገቡ። አቶ ቻላቸው ስፌቱን ፈትተው፣ ክሩን ሰም ቀብተው እንደገና ሰፉት። ከዚያ ወዲህ ሸራ ላሠራ ሁሉ አደራ ይሉ ነበር፤ በቤንዚን አይታጠብ፣ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል፤ እርጥቡ ከተጠቀለለ ይሻግታል፤ የኋላው ፕላስቲክ መስኮት ታጥፎ ሲታሰር ይሰነጠቃል።

በ2016 ዓ.ም. መንገድ ተዘግቶ ባጃጆች በየግቢው በቆሙባቸው ወራት የሚሰፋ ጠፋ። እርሳቸው ግን ሳሙናቸውን ይዘው ደንበኞቻቸው ቤት እየዞሩ ሸራውን ያጥቡ፣ ፀሐይ እንዳይበላው ጆንያ ያለብሱ ነበር። ደንበኛቸው አቶ ቢሰጥ፣ «ጋሼ ቻላቸው፣ ለማትሄድ ባጃጅ ምን አለፋዎት?» ቢሏቸው፣ «የምትሄድ ዕለት ዝናብ ቢሆንስ?» ብለው ማጠባቸውን ቀጠሉ።

በዚያው ክረምት ኩላሊታቸውን ታመሙ። ለቤተሰቡ «ድካም ነው» ይሉ ነበር። ባሕር ዳር ሄደው እንዲታከሙ ቢታዘዝላቸውም የሚወስዳቸው መኪና አልተገኘም። መንገዱ ሲከፈት ፍኖተ ሰላም ተወስደው ሲታከሙ ቆዩ። ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ባለቤታቸውን፣ «ሥርጉት፣ እስቲ መስኮቱን ክፈችው» አሏቸው። ወይዘሮ ሥርጉት ከፍተው ሲመለሱ አርፈዋል።

አቶ ቻላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን እንቁን እና ታናሽ እኅታቸውን ወይዘሮ ባንቺአየሁን ትተው አልፈዋል። ልጆቻቸው እስካሁን አላለቀሱም። ለቅሶ ደራሽ ሲገባ ተነሥተው ወንበር ያቀርባሉ፣ ውኃ ይሰጣሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ።

አምላክ ነፍሳቸውን ደጋጎቹ አባቶች ካሉበት ያግባልን፤ ለእኛም ዕንባ ይስጠን።