ከኋላ የምትሮጠው አሰልጣኝ

ሰኞ

«በምን ጎበዝ ነሽ?» ሲሉኝ ድክመቴን ዘረዘርኩ። ለአሰልጣኞች የተዘጋጀው ሥልጠና ዛሬ ተጀመረ። የሚሰጡት ጋሼ ሞላ ናቸው፤ ሯጭ ሲያሠለጥኑ ያረጁ ሰው። እኛ የለመድነው ግምገማ ነው፤ ደካማ ጎናችንን ተሸክመን ሄድን። ተራዬ ሲደርስ፣ «ድምፄ ትንሽ ነው። ዕቅድ አዘገያለሁ። ሰዓት ይዤ ሜዳ መሐል እንደ መቆም ከልጆቹ ኋላ እሮጣለሁ» አልኩ።

«ይህን አልጠየቅኩሽም። በዚህ ሳምንት ድክመት አይወራም።»

ራስን ማመስገን ማን ለምዶ! የወንዶቹ አሰልጣኝ አበባው፣ «እኔ ምሳ ላይ ጎበዝ ነኝ» አለና አሳቀን።

ስንወጣ የስፖርት ቢሮው ኃላፊ በር ላይ ያዘኝ። «ዝናሽ፣ የሴቶቹን ቡድን ለአበባው አስረክበሽ ቢሮ ግቢ ያልኩሽን አስበሽበታል? አርብ መልስሽን እፈልጋለሁ።» ክፉ ሰው አይደለም። ቢሮ ደግሞ ሰው አለ። ጠዋት እንደምን አደርክ የምለው አገኛለሁ። የምገባ ይመስለኛል።

የአበባውን ቀልድ ቤት ገብቼ የምነግረው ሰው አጣሁ።

ማክሰኞ

ውርጭ። ሣሩ ነጥቷል። ጋሼ ሞላ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና ልምምዳችንን አዩ። ወደ የጁቤ በሚወስደው መንገድ ወጣን፤ ጤፉ እየታጨደ ነው። እንደ ወትሮው ከልጆቹ ትርንጎ መጨረሻ፣ እኔ ከእሷ ኋላ።

ሲሄዱ ብቻ፣ «ሁልጊዜ ከኋላ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። አልቆልኛል።

ማሬን አስታወስኩ። ካሠለጠንኳቸው ልጆች ሁሉ የበረታችው ነበረች። አዲስ አበባ ክለብ ከገባች ወዲህ አልደወለችም። ስልኩን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

ረቡዕ

ዕረፍት። ልብስ አጠብኩ። እናቴ ከመርጡለ ማርያም ደወለች። «አንቺ ልጅ፣ ብቻሽን እስከ መቼ ነው?» ልጆች አሉኝ አልኳት። «የሰው ልጆች» አለች። ወሬ ቀየርኩ። ማታ የጎረቤቴን ሬዲዮ በግድግዳው በኩል አዳመጥኩ።

ሐሙስ

ጋሼ ሞላ ከልጆቹ ጋር ሊነጋገሩ ፈልገው እኔን ወደ አጥሩ ላኩኝ። ከሩቅ ጀርባቸውን አያለሁ። ሳቁ። በእኔ የሳቁ መሰለኝ።

በኋላ ነገሩኝ። ልምምዱን ማቋረጥ አምሯት የሚያውቅ እንዳለ ሲጠይቁ፣ ትርንጎ እንዲህ አለች፦ «ወደ ቤቴ ልመለስ ብዬ ዞር ስል ሁልጊዜ እሷ አለች። እሷን አልፎ መሄድ ያሳፍራል!» የሳቁት በዚህ ነው።

«ከቡድንሽ ያቋረጠች የለችም» አሉኝ። «ሲገመግሙሽ ይህን ማን ተናገረልሽ?»

ማንም።

«ድምፅ ለማሳደግ ዕድሜሽን አትፍጂ፤ በያዝሽው ላይ ጨምሪ። ሰዓቱን ከትልልቆቹ ለአንዷ ስጪና ፊቱን እሷ ትምራ። አንቺ ኋላውን አትልቀቂ።»

እኔ ስጠላው የኖርኩትን ነገር ነው አትልቀቂ ያሉት። እንባዬ መጣ፤ ጫማዬን የማስር መስዬ አጎነበስኩ።

አርብ

ኃላፊውን፣ «ቡድኑን አላስረክብም» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

ይቺ ድምፄ። ደገምኩለት።

«እስቲ እስከ ክረምት እናያለን» አለ። እሺም እንቢም አይደለም።

ጋሼ ሞላ ዛሬ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። መናኸሪያ ሸኘኋቸው። መኪናው ከወጣ በኋላም ትንሽ ቆሜ ቀረሁ። ማሬ ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ዳቦ ገዝቼ ገባሁ።

ቅዳሜ

ልምምድ ላይ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ከእኔ ኋላ ማንም ሮጦ አያውቅም። ዞር ስል አበባው ነው።

«ርስትህን ልታይ መጣህ?» አልኩት።

«የምን ርስት! የራሴ ልጆች መች አነሱኝ? ጋሼ ሞላ ከዝናሽ ተማር ብለውኝ ነው። ከኋላ መሮጥ ቀላል መስሎኝ…»

ዳገቱ ላይ ቃል ማውጣት አቃተው። ትርንጎን ሂጂ አልኳት። ብቻዋን ወጣች፤ አንዴም አልዞረችም።

እኔ ግን ዞርኩ። አበባው ወገቡን ይዞ ቆሟል። የመጨረሻው እሱ ነበር። ወርጄ ከኋላው ገባሁ።