በደገፉ ስም ላይ የጻፍኩት ቁጥር

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለቦልቴ፣

እንዴት ነህ? ደረትህን ተሻለህ ወይ? የጆሃንስበርግ ኑሮ፣ ሱቁ፣ ሰፈሩስ ሰላም ነው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ናት። እኔን ግን ደህና ናት አትበል።

"ደገፉ ነዳጅ ይሸጥ ነበር የሚሉት እውነት ነው ወይ?" ብለህ ከጠየቅከኝ ሁለት ወር አለፈ። በስልክ ልመልስልህ ብዬ አፌ እምቢ ስላለኝ ይኸው ጽፌ፣ ወደ እናንተ በሚመጣው በይስሐቅ እጅ ላኩልህ። መኪና መንዳት ያስተማረህን ሰው ነገር ከእኔው ስማ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። የጭነት መኪኖቹ ሲወጡ የነዳጅ ታንካቸው እስከ አንገቱ ይሞላል፤ ሲመለሱ እንደገና አስሞላና ቆጣሪው ያሳየውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሾፌሮቹን የነዳጅ ቁጠባ ደረጃ በር ላይ እለጥፋለሁ። ደገፉ ሁሌም ከላይ ነበር። ግንቦት ላይ ድንገት መጨረሻ ሆነ፤ አምስት ሳምንት ሙሉ። የሰው አፍ ምን ሥራ ይፈታል? "ወደ ቤሌ ከተማ ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጁን በጀሪካን እየቀዳ ይሸጣል" ተባለ።

ቢሮዬ መጥቶ "ሜላትዬ፣ ጌታ ያውቃል፣ ጠብታ አልነካሁም፤ እስቲ ደግመሽ እዪው" አለኝ። እኔ ደግሞ "ቁጥር አይዋሽም" አልኩት። አቤት ትዕቢቴ!

ከዚያ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለቱን መኪናውን ከማርሽ አውጥቶ በፎሌ መልቀቅ ጀመረ። ደረጃው ትንሽ ከፍ ሲል "አየህ፣ ስትፈልግ ትችላለህ" ብዬው ነበር። ሐምሌ ላይ ጭነት እንደያዘ ከቤሌ በላይ ባለው ቁልቁለት ፍሬኑ ግሎ አልይዝ አለው። አስከሬኑን ከገደል ውስጥ አወጡት። ልቅሶው ላይ ሚስቱ ወሰንየለሽ እጄን ይዛ "ነዳጁን ነክቶ ከሆነ ይቅር በሉት" አለችኝ።

ከአደጋው የተረፉት ጎማዎች ለሌላው ሾፌራችን ለቢኒ መኪና ተገጠሙ። ያኔ አንደኛ የነበረው ቢኒ ሳምንት ሳይሞላው ከሁሉም መጨረሻ ሆነ። ሜትር ይዤ ወርጄ ጎማዎቹን ለካሁ። ግንቦት ላይ የድርጅታችን ባለቤት በርካሽ አገኘሁ ብሎ ለደገፉ መኪና ያስገጠመው ጎማ ከድሮው ይበልጣል። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን ዙሩን እንጂ መንገዱን አያይም፤ ከመቶ ኪሎ ሜትር ስምንቱን ይበላል። አስተካክዬ ሳሰላው ደገፉ በፎሌ መልቀቅ ከመጀመሩም በፊት ከአሥራ አራቱ ሾፌሮች አንደኛ ነበር።

ቦልቴ፣ ፈራሁ። ደገፉን በጠራራ ፀሐይ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቢሮዬ ደጃፍ ቆሞ አየዋለሁ። አይቆጣም፤ ያየኛል ብቻ። ጾምኩ፣ ጸለይኩ፤ አልሄደም።

ትናንት ወሰንየለሽ ቤት ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ትጮህብኛለች ስል ልጇን ጠርታ አጠገቤ አስቀመጠቻት። "ኢየሩሳሌም ለአባቷ ማልቀስ ያቆመችው የሌባ ልጅ ሲሏት ነው። ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ ንገሪያት" አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ አባቷ ጠብታ እንዳልነካ ነገርኳት። ስትሰማኝ ቆየችና ማልቀስ ጀመረች፤ እኔ ስወጣም አላቆመችም።

ነገ ይህንኑ ጽፌ በሩ ላይ እለጥፋለሁ። ከሥራ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። እህታችን ጥሩነሽና ባሏ ዮሴፍ፣ ልጆቻቸውም ናፍቀውሃል። እዚያ ላሉት የሶዶ ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ደገፉ ሌባ ነበር ብለህ የነገርከው ሰው ካለ ግን ሰላምታዬን ተወውና፣ ቤቱ ድረስ ሄደህ ይህን ደብዳቤ አንብብለት።

እህትህ ሜላት
ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.