አባቴን ከተማ ላደረገው ማሽን ባለቤቶች

ለተከበሩ ዶክተር ኤቫሪስቱ ፓሽኮአል
የከተማችን ቤተ መዛግብት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና፣ ቀጥሎም የአዲሱን ኮምፒውተርዎን ደህንነት እጠይቃለሁ። እኔ ከድካም በቀር ምንም አልሆንኩም።

እንደሚያውቁት በሙታን ቀን ቄሳችን ወደቡ ላይ ቆመው ባሕር የበላቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ቤተሰቡም «ከእኛ ጋር ነው» ብሎ ይመልሳል። ስሞቹ ድሮ የሚነበቡት ከቤተ ክርስቲያኑ የእጅ ደብተር ነበር። ዘንድሮ ግን ደብተሩን መስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው፣ የቆዩ ጋዜጦችን እያነበበ የሰውን ስም ከቦታ ስም በራሱ የሚለይ ፕሮግራም ስላበረከቱልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጥቂት ማስታወሻዎች ብቻ አሉኝ።

፩ኛ፦ አባቴ ባሕር ላይ በቀረ ጊዜ ጋዜጣው «ሮዛ ኩስቶዲያ ተገለበጠች፤ ብራጋን ማዕበል ወሰደው» ብሎ ጽፎ ነበር። ብራጋ አባቴ ነው፤ ኦርላንዱ ብራጋ። ማሽንዎ ግን ብራጋ የተባለው ከተማ ነው ብሎ ከሟቾቹ ዝርዝር አወጣው። የብስ ላይ የተቀመጠ ከተማ እንዴት በማዕበል እንደተወሰደ አለመጠየቁ ትሕትናውን ያሳያል። በአገራችን ስንቱ ሰው የከተማ ስም ተሸክሞ እንደሚዞር የነገረው የለም መሰለኝ።

፪ኛ፦ ሮዛ ኩስቶዲያ ጀልባ ናት። ቄሱ ስሟን ጠርተው ለነፍሷ ሲጸልዩ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። በመጨረሻ ሽማግሌው ቲቤሪዮ፣ «አባ፣ እሷማ ጓሮዬ ውስጥ ናት፤ ዶሮ አስፍሬባታለሁ!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

፫ኛ፦ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ጸሐፊዎ በጣም ጨዋ ናት። «ማሽኑ ከመቶ ዘጠና አራቱን በትክክል ይለያል እኮ፣ እሜቴ» አለችኝ። የቀሩት ስድስቱ እኛ መሆናችንን ስላሳወቀችኝ አመሰግናለሁ። አባቴ ሰው እንደነበር የሚያስረዳ ማስረጃም አምጪ ተብያለሁ። ሬሳው አልተገኘም፤ ያለኝ ማስረጃ እኔ ነኝ።

እናቴ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ያን ቀን ክንዴን ይዛ፣ መልሷን አዘጋጅታ፣ ቄሱ ዝርዝሩን አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ቆመች። ከዚያ «ዘለሉት እንዴ? ወይስ ጆሮዬ ነው?» አለችኝ። «ጆሮሽ ነው፣ እማዬ፤ አንብበውታል» አልኳት። ዋሸኋት፤ አፍሬያለሁም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ እሷ በሕይወት ሳለች ስሙ አንድ ጊዜ ይጠራ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ማሽንዎ ይህን ደብዳቤ ቢያነብ እኔንም ካርታ ላይ እንዳያኖረኝ በመስጋት፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ዜሊያ ብራጋ
(ሰው)

ማሳሰቢያ፦ እናቴ ትናንት ብቻዋን ሐኪም ዘንድ ሄዳ ጆሮዋን አስመረመረች። ምንም የለበትም አሏት። ከመጣች ጀምሮ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ቀጣዩን ውሸት መሥሪያ ቤትዎ አዘጋጅቶ በጽሑፍ ይላክልኝ።